ፓምፕ መጨመር ጥገና አይደለም

ሰርቦን የሚያውቅ ሰው «ሰርቦና ጀልባ ምን አገናኛቸው?» ብሎ ቢስቅ አልፈርድበትም። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትወጡ ሾፌሩ ገና ዘፈን ሳይመርጥ የምታልፏት ከተማ ናት፤ የቀርሳ ወረዳ ዋና ከተማ። ቡና፣ በቆሎ፣ ባጃጅ፣ ገበያ፣ በቃ። ውሃ ካላችሁ ወደ አሰንዳቦ አለፍ ብሎ የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ አለ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ የተቀመጠ ውሃ ነው፤ ዓሣ አጥማጆች ይሠሩበታል። እኛ የሰርቦ ልጆች ግን ስለ ጀልባ የምናውቀው ነገር ቢኖር ፎቶ መነሻት ብቻ ነው።

እኔም እንደዛው ነበርኩ። እስከ ባለፈው ፋሲካ ማግስት ድረስ።

ጓደኛዬ ከሁለት ሸሪኮቹ ጋር ሆኖ ከዱባይ ያገለገለ ጄት ጀልባ አስመጣ። ስምንት ሰው ይጭናል። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በአንዱ ላይ፣ በሳምንቱ መጨረሻና በበዓል ሰው ያንሸራሽርበታል። የሐይቁንም የሪዞርቱንም ስም አልጠራም፤ ሰውየው ጓደኛዬ ነው፣ ጉዳዩም የእሱ ብቻ አይደለም። ጀልባዋ ከመጣች ጀምሮ ግን ሆዷ ውስጥ ውሃ ይገኛል። መጀመሪያ አንድ ባለሙያ መጣ፤ ሲሊኮን ቀባ። ውሃው ቀጠለ። ሌላ ባለሙያ መጣ፤ በሲሊኮኑ ላይ ሌላ ሲሊኮን ቀባ። ሦስተኛው ብልጥ ነበር፤ ምንም አልቀባም፣ ሁለተኛ ፓምፕ ገጠመ።

ከዚያ በኋላ ችግሩ «ተፈታ»። ፓምፖቹ ከጎን በኩል እየተፉ ጀልባዋ ትሄዳለች። እንዲያውም ልጆች ውሃው ፊጭ ሲል እያዩ ይስቁ ነበር።

የፋሲካ ማግስት እኔም ተሳፍሬ ነበር። ስምንት ሰው፣ ሦስቱ ልጆች። የተንሳፋፊ ጃኬቱ ቁጥር ደግሞ አምስት። (ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ፤ ቆጥሬ ነው የወጣሁት፣ ቆጥሬም ዝም አልኩ።) ሐይቁ መሀል ላይ ሞተሩ ቆመ። ሁለቱ ፓምፖች ጠዋቱን ሙሉ ሲሠሩ ባትሪውን ጨርሰውት ኖሯል፤ ቁልፉ ሲዞር «ጠቅ» ብቻ ነው የሚለው። ባትሪ ሲያልቅ ፓምፕም ያልቃል። ጥቂት ቆይቶ እግራችን ስር ያለው ምንጣፍ መንሳፈፍ ጀመረ። ልጆቹን መጀመሪያ ያወጣልን አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው፣ በእንጨት ጀልባው። ማንም አልተጎዳም። በማግስቱ ጓደኛዬ ደወለልኝና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ትልቅ ባትሪ ልግዛ እንዴ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከነከነኝ። ውሃ እየገባ ነው። ማንም «በየት ነው የሚገባው?» ብሎ አልጠየቀም። ጥያቄው ሁሌ «እንዴት እናውጣው?» ነው። እስቲ ቁጥሩን አብረን እናስላው። ከውሃው ወለል 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ያለ፣ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ (የጀልባ መድፈኛ ቡሽ የሚያህል ማለት ነው) በደቂቃ 40 ሊትር ገደማ ያስገባል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ በየደቂቃው! በአምስት ደቂቃ 200 ሊትር። 200 ሊትር ማለት 200 ኪሎ፣ ሦስት ጎልማሳ ሰው ማለት ነው። እነዚህ ሦስት ሰዎች ደግሞ ወንበር ላይ አይቀመጡም፤ ጀልባዋ ወደ ግራ ስትዞር ሦስቱም አንድ ላይ ወደ አንድ ጎን ይሮጣሉ። ትንሽ ጀልባን የሚገለብጠው የውሃው ብዛት ብቻ አይደለም፣ ይሄ ሩጫው ነው።

በሰከንድ አንድ ጠብታ ብቻ የሚያንጠባጥብ ቦታስ? በቀን 4 ሊትር ገደማ። እሱ አያሰጥምም። ግን ነገ ሁለት ጠብታ ይሆናል፤ ፓምፑ ደግሞ ዕድገቱን ይደብቅላችኋል። ፓምፕ በጀልባ ውስጥ ያለው ለአደጋ ነው፣ ለየዕለት ኑሮ አይደለም።

ለጓደኛዬ «ባትሪውን ተወው፣ አጎቴን ላምጣልህ» አልኩት። አጎቴ ማነው? ሰርቦ የሚኖር፣ ከሃያ ዓመት በላይ በየቡና ማጠቢያ ጣቢያው እየዞረ ፓምፕና መፈልፈያ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ሊሙ ኮሳ፣ ጎማ፣ ማና፣ የማይዞርበት የለም። ጣቢያዎቹ እሸት ቡና በሚገባበት ወቅት ፓምፕ ከቆመባቸው ቡናው ክምር ላይ ያድራል፣ ጥራቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ የእሱ ሥራ ሌሊትም ነው። ጓደኛዬ ሳቀ። «የቡና ፓምፕ ጠጋኝ ጀልባ ምን ያውቃል?»

አጎቴ ደርሶ ጀልባዋ ተጎታቹ ላይ እንዳለች ከስሯ ተኝቶ ገባ። ብዙ አልቆየም። ከስር ሆኖ በኦሮምኛ የተናገረው በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ነው፦ «ልጄ፣ ይሄ ጀልባ አይደለም። ጀልባ የለበሰ ፓምፕ ነው።»

ልክ ነው። ጄት ጀልባ ከኋላዋ የሚታይ ተሽከርካሪ ቅጠል የላትም። ከሆዷ ስር ባለ ወንፊት ውሃ ትስባለች፤ ውስጥ ያለው ኢምፔለር ውሃውን ይገፋዋል፤ ከኋላ በጠባብ አፍ ይወነጨፋል፤ ጀልባዋ ወደፊት ትሄዳለች። መሪው የሚያዞረው ያንን አፍ ነው። አንዳንድ ሪዞርቶች ላይ የምታዩት ጄት ስኪም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። ይህን ዓይነት ጀልባ በ1950ዎቹ ለአገልግሎት ያበቃው ቢል ሃሚልተን ደግሞ የባሕር ሰው አልነበረም፤ ከባሕር ርቆ በኒውዚላንድ ተራራማ አገር በግ የሚያረባ ገበሬ ነው። ጥልቀት በሌላቸው ድንጋያማ ወንዞች ላይ መሄድ ፈለገ፣ ቅጠሉ ድንጋይ እየመታ አስቸገረው፣ ስለዚህ ነገሩን በፓምፕ ተካው። በ1960 የእሱ ጀልባዎች በአሜሪካ የኮሎራዶን ወንዝ ሽቅብ ወጡ። አንድ የገጠር ገበሬ በፓምፕ ዕውቀት የፈጠረውን ማሽን የሰርቦ የፓምፕ ሰው ቢያውቀው ምን ይገርማል?

እንግዲህ አጎቴ ያደረገውን ልንገራችሁ፤ ዝርዝሩን የምጽፈው ሆን ብዬ ነው፤ አንድ ሰው ቢጠቀምበት ብዬ።

መጀመሪያ ምንም አልጠገነም። ያንን ሁሉ ሲሊኮን በቢላ ፍቆ አወጣው። የቤት ሲሊኮን ከውሃ ስር፣ ያውም ዘይት በነካው ፋይበርግላስ ላይ፣ ቆዳ ሠርቶ ይላቀቃል እንጂ አይዝም፤ ይባስ ብሎ ውሃው በየት እንደሚመጣ ይሸፍናል። ቀጥሎ ሆዷን በሳሙና አጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ፀሐይ ላይ ከፍቶ አዋላት። ጓደኛዬ እየተቁነጠነጠ ነበር። አጎቴ ግን «እርጥብ ቤት ውስጥ የሚያፈስ ጣራ አይፈለግም» አለው።

ከዚያ ጎሚስታውን አስታወሰኝ። ጎሚስታ የተነፈሰ ጎማ የት እንደተበሳ ሲፈልግ ነፍቶ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፤ አረፋው ቦታውን ይነግረዋል። አጎቴ የዚህን ግልባጭ ነው ያደረገው። ውሃውን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ጨመረ። ጀልባዋ መሬት ላይ እንዳለች መድፈኛውን ዘግቶ በባልዲ ሆዷ ውስጥ ውሃ አፈሰሰ፤ ብዙ አይደለም፣ የሞተሩ ማስነሻና የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ጋ እስከማይደርስ ብቻ። ብዙ ከሞላችሁት ክብደቱ ተጎታቹንም ፋይበርግላሱንም ይጎዳል። ውሃውን ደግሞ አቀለመው። በምን? በቡና! ሪዞርቱ ወጥ ቤት የተጠራቀመውን የቡና አተላ በሁለት ብረት ድስት አስፈልቶ። ነጭ ፋይበርግላስ ላይ ቡና ቀለም ያለው ጠብታ ከሩቅ ይታያል። ከጅማ የመጣ ሰው ሌላ ምን ቀለም ይምጣለት?

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከኋላ፣ መድፈኛው ስር፣ ቡናማ መስመር ወረደ። የመድፈኛው ጎማ ሮንዴላ ደርቆ ተሰንጥቋል። አንድ ቀጭን ጎማ! ወንፊቱ የታሰረበት ጋስኬት፣ ያ ሁሉ ሲሊኮን የተቀባበት፣ ምንም አልነበረበትም።

ጓደኛዬ በደስታ ሊጮህ ሲል አጎቴ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ይሄ ጠብታ ነው፤ እኛን ሊያሰጥመን የነበረው ውሃ ይሄ አይደለም። ሮንዴላውን ቀይሮ ጀልባዋን ውሃ ላይ አወረዳት። በየመጋጠሚያው ስር ደረቅ ሶፍት አነጠፈ፤ በቱቦዎቹ ዙሪያ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰ። ፓውደር ላይ ውሃ ከሮጠ መንገዱን ጥሎ ነው የሚያልፈው። አንድ ሰዓት ቆየን። ደረቅ። አንድም ሶፍት አልረጠበም።

ከዚህ በፊት የመጡት ባለሙያዎች የተሸወዱት እዚች ጋ ይመስለኛል። ጀልባዋ ታስራ ቆማ ስትታይ ደረቅ ናት፤ «ጨርሻለሁ» ይላሉ፣ ይከፈላቸዋል፣ ይሄዳሉ። ሞተር ሲሠራ ብቻ የሚያፈስ ነገር ግን አለ። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ በግፊት የሚመጣው ከዚያው ከጄቱ ነው፤ ሞተር ሲጠፋ ግፊቱም ይጠፋል። የማርሚታው ቱቦም እንደዚሁ። ኢምፔለሩን የሚያዞረው ዘንግ ደግሞ ከሞተሩ ተነስቶ የጀልባዋን ግድግዳ በስቶ ነው ወደ ውሃው የሚገባው። ግድግዳውን በሚበሳበት ቦታ ላይ ኦይልሲል አለ። እስቲ አስቡት፤ ዘንጉ በደቂቃ ሺህ ጊዜዎች ይሽከረከራል፣ በአንድ ወገን ሐይቅ፣ በሌላው ወገን እናንተ፣ በመካከል አንድ የጎማ ከንፈር።

ግን ጀልባዋ እየሮጠች ማን ነው ጭንቅላቱን ሞተር ክፍል ውስጥ የሚከተው? ማንም እንዳይሞክረው! ልብስ፣ ፀጉር፣ ነጠላ፣ ዘንጉ አይመርጥም። እዚህ ጋ ነው እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀምኩት፤ ስልኬን አውጥቼ መብራቱን አብርቼ፣ ቪዲዮ እየቀረጸ፣ ከዘንጉ ራቅ አድርጌ በፕላስተር አሰርኩት። ክዳኑን ዘጋን። ሦስት ሰው ብቻ፣ ሦስታችንም ጃኬት ለብሰን፣ ዳርቻውን ይዘን አሥር ደቂቃ ነዳን።

ቪዲዮውን ሳየው ዝም ነው ያልኩት። በዝግታ ስትነዳ ምንም የለም። ፍጥነት ሲጨመር፣ ዘንጉ ግድግዳውን ከሚበሳበት ቦታ ዙሪያውን ልክ እንደ ጃንጥላ ውሃ ይረጫል። ፍጥነት ሲቀንስ ያቆማል። አጎቴ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አስደግሞ አየና ሲሉን ሳይሆን ዘንጉን ያዘው፤ ሞተር ጠፍቶ፣ ቁልፍ ተነቅሎ። በእጁ ወደ ላይና ወደ ታች ሲያወዛውዘው ይንቀሳቀሳል። «ሲሉን የበላው ኩሽኔታው ነው» አለ። ኩሽኔታው ተበልቷል፣ ዘንጉ ይወዛወዛል፣ የተወዛወዘ ዘንግ ሲሉን ያፈናቅላል። ኩሽኔታውን የበላው ደግሞ አሸዋ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ሞተር እያስነሱ የሐይቁን ወለል አብረው ሲስቡት ኖረዋል። ሲሉን ብቻ ብንቀይር ወር አይቆይም ነበር።

«እቃ የለም» የሚለውን መልስ ታውቁታላችሁ። አጎቴ የአሮጌውን ሲል የውስጥና የውጭ ስፋት ለክቶ፣ ኩሽኔታው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ገልብጦ ይዞ ሄደ፤ ሁለቱንም ከአዲስ አበባ ከፓምፕ መለዋወጫ ሱቅ አገኛቸው። ሁልጊዜ እንዲህ ይቀናል አልልም፤ ለአንዳንድ ጀልባ ብቻ የተሠሩ ሲሎች አሉ፣ እነሱን ከውጭ ከማዘዝ በቀር መላ የለም። ግን «የጀልባ እቃ» ተብሎ ከሚፈራው ውስጥ ብዙው የጀልባ እቃ አይደለም። ኩሽኔታ ኩሽኔታ ነው። ፋሸታም ፋሸታ ነው። ዘንጉ ላይ የድሮው ሲል መስመር ቆፍሮበት ስለነበር አጎቴ ቀጭን ቀለበት አስገብቶ አዲሱ ሲል ባልተበላው ቦታ ላይ እንዲቀመጥ አደረገ። ይህን በየጣቢያው ቡና ማጠቢያ ፓምፕ ላይ መቶ ጊዜ ሠርቶታል።

አጠቃላይ ወጪው ከሁለተኛው ፓምፕ ዋጋ አነሰ። ፋይበርግላሷ ተሰንጥቆ ቢሆን ሥራው ይረዝም ነበር፤ ስንጥቁን ሞርዶ ማስፋት፣ ቀናት ማድረቅ፣ በጨርቁና በኤፖክሲ ንብርብር ማልበስ። እርጥብ ላይ የተቀባ ኤፖክሲ ከሲሊኮኑ አይሻልም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ።

የመዝናኛ ጀልባ በአገራችን እየበዛ ነው። ከጅማ ተነስታችሁ ወደ ዳውሮ ብትወርዱ ሃላላ ኬላ አለ፣ ከግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በላይ በተኛው ረጅም ውሃ ላይ። ሐዋሳ አለ፣ ቢሾፍቱ አለ፣ ጣና አለ። ጥሩ ነው፣ ደስ ይላል፣ እኔም እሄዳለሁ። ግን ጀልባ ስንገዛ ሞተሩን፣ ቀለሙን፣ የድምጽ ማጉያውን እንጂ ጠጋኙን አናስብም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ማሠልጠኛ አለው፤ ቢሾፍቱ ላይ የባቦጋያ አካዳሚ አለ። የዓለምን ውቅያኖስ በሚያቋርጡ ትልልቅ መርከቦች ላይ የሚሠሩ ኢንጂነሮች እናሠለጥናለን፤ አንሠልጥን አልልም፣ ልጆቹ ጥሩ ይከፈላቸዋል፣ ያኮራል። ግን የመርከብ ኢንጂነር ተመርቆ ለስምንት ሰው ጀልባ ጥገና ሐይቅ ዳር አይመጣም። በዚህ መካከል ያለውን ክፍተት እየሞላ ያለው የሲሊኮን ቱቦ የያዘ ሰው ነው።

ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለው ሰው ግን በየከተማችን አለ፤ ችግሩ «የቡና ፓምፕ ጠጋኝ» ተብሎ መጠራቱ ነው። በሰርቦ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት በየጋራዡ የሚሠሩ ወጣቶች ሲል፣ ኩሽኔታ፣ ግፊት፣ ቱቦ ምን እንደሆነ በእጃቸው ያውቃሉ። የቡና ወቅት ሲያልፍ ደግሞ ሥራ ይቀዘቅዝባቸዋል። በጅማ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለእነዚህ ልጆች የሁለትና የሦስት ሳምንት ተጨማሪ ሥልጠና ቢያዘጋጁ፣ ስለ ፋይበርግላስ፣ ስለ ጄት፣ ስለ ውሃ ላይ ደኅንነት፣ ምን ይጎድልባቸዋል? የሪዞርት ባለቤቶችስ ዱባይ ድረስ ሄደው ጀልባ ያመጡ ሰዎች ሰርቦ ድረስ መኪና መላክ ያቅታቸዋል?

«ባለቤቱ ይጠንቀቅ እንጂ እኛ ምን አገባን» የምትሉ ካላችሁ፣ ያገባችኋል፤ የምትሳፈሩት እናንተ ናችሁ። ቲክቶክ ላይ ጀልባ ላይ ቆማችሁ ስትጨፍሩ አያችኋለሁ። ከመሳፈራችሁ በፊት ሦስት ነገር ብቻ እዩ። ጃኬቱን ከሰው ቁጥር ጋር ቁጠሩ፤ ከጎደለ እንደኔ ዝም አትበሉ፣ ውረዱ። የጀልባዋን ጎን ተመልከቱ፤ ታስራ ቆማ በየጥቂት ደቂቃው ውሃ የምትተፋ ከሆነ ጠይቁ። የሞተሩን ክዳን ክፈቱልኝ በሉ። ደረቅና ንጹህ ሞተር ክፍል ያለው ሰው በደስታ ይከፍትላችኋል፤ የሚቆጣችሁን ታዘቡት። ለነጂዎች ደግሞ፣ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አለ አይደል? ፓምፑ በቀን ስንት ጊዜ እንደተነሳ ጻፉ። ትናንት ሁለት፣ ዛሬ ሦስት፣ ነገ አምስት ከሆነ ጀልባዋ እየነገረቻችሁ ነው።

ጓደኛዬ አሁን ስምንት ጃኬት አለው፤ ሦስቱ የልጅ ልክ ናቸው። በሚቀጥለው የቡና ወቅት ማብቂያ የአጎቴን ተለማማጅ ለሦስት ወር ሊቀጥረው ጠይቆታል፤ ልጁ ዋና ስለማይችል እያመነታ ነው። አጎቴ ከገንዘቡ ሌላ ያችን ሁለተኛዋን ፓምፕ ለምኖ ተሸክሟት ሄደ። ሰርቦ፣ ጓሮው ውስጥ፣ ከአሮጌ የባጃጅ ባትሪ ጋር አያይዞ የቡና ችግኝ ያጠጣባታል።